አጎቴ ያላያት አልባኒያ

እሑድ ማታ፣ ባሪ

አልባኒያ ልሄድ ነው ስል ቦሎኛ ያሉት ጓደኞቼ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው የጠየቁኝ። «ደሞ እዚያ ምን አለ?» ጣሊያን ውስጥ አልባኒያዊ ማለት ግንበኛው፣ ቀለም ቀቢው፣ የጎረቤት አዛውንት የምትንከባከበው ሴትዮ ናት። ሰው ከዚያ ይመጣል እንጂ ወደዚያ ለሽርሽር መሄድ የተለመደው በቅርቡ ነው።

እኔ ግን የአገሪቱን ስም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አጎቴ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ በወጣትነቱ የአልባኒያውን ኮሚኒስት መሪ የኤንቨር ሆጃን ጽሑፎች እየተደበቁ ከሚቀባበሉት ልጆች አንዱ ነበር። ለእነሱ ሶቭየት ኅብረት ከሃዲ ናት። ቻይናም ኋላ ላይ ከዳች። ሳትበረዝ የቀረችው አልባኒያ ብቻ ነበረች። ጫካ የገቡትም ቢሆኑ ከዚህ አልራቁም። በ1985 ሕወሓት ውስጥ የተመሠረተው የትግራይ ማርክሲስት ሌኒኒስት ሊግ፣ ማሌሊት፣ አርአያዬ ብሎ የያዘው ይህችኑ አገር ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እያቀያየርኩ ራሴንም እናንተንም አላዞርም።) ያን ሁሉ ከተከራከሩባት ሰዎች መካከል የረገጣት አንድም ሰው አላውቅም። የጣሊያን መኖሪያ ፈቃድ ላለው ሰው ቪዛ አይጠየቅም። ስለዚህ ቲኬት ቆረጥኩ።

ወደ አልባኒያዋ ዱሬስ የምትሄደው መርከብ ማታ ተነስታ ጠዋት ትደርሳለች። ወረፋው ላይ ጣሊያን የሚሠሩ አልባኒያውያን ቤተሰቦች ሞልተዋል። መኪኖቻቸው ላይ ፍራሽ፣ የልጅ ብስክሌት፣ አንዱ ጋ እንዲያውም ፍሪጅ ታስሯል። ይህ ወደብ ለእነሱ ትልቅ ታሪክ አለው። በነሐሴ 1991 ከኩባ ስኳር ጭና ዱሬስ የቆመችውን ቭሎራ የምትባል መርከብ ሕዝብ ወረራት፤ ካፒቴኑንም ወደ ጣሊያን እንዲነዳ አስገደዱት። ሃያ ሺህ ገደማ ሰው ተሳፍሮ ባሪ ደረሰ። የዚያን ዕለት ፎቶ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ መርከቧ አትታይም፣ የሚታየው ሰው ብቻ ነው። ጣሊያኖቹ ስታዲየም ውስጥ አጉረው አብዛኛውን መለሱት።

ሰኞ፣ ዱሬስ እና ቲራና

ሲነጋ ከመርከቡ ላይ ያየሁት ክሬንና ፎቅ ነው። ወደብ ያው ወደብ ነው። ፖሊሱ ፓስፖርቴን ገለባበጠና ባልደረባውን ጠርቶ አሳየው። ችግር ኖሮ ሳይሆን የኢትዮጵያ ፓስፖርት አይተው ስለማያውቁ ነው። ተሳሳቁ፣ ማህተም መቱልኝ፣ ወጣሁ።

ዱሬስ መሀል ከተማ ላይ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠራ የሮማውያን አምፊቲያትር አለ። እስከ 1966 ድረስ መኖሩን ማንም አያውቅም ነበር፤ ላዩ ላይ ሰፈር ተሠርቶበት ነበር። አሁንም ግማሹ ቤቶች ሥር ነው፤ ከነዚያ ቤቶች የወጣ የታጠበ ልብስ ከሮማውያኑ መቀመጫ በላይ ተሰጥቶ አየሁ።

እኔን የሳበኝ ግን ባሕሩ አጠገብ ያለው የሙዮ ኡልቺናኩ ሐውልት ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 1939፣ በካቶሊኮቹ ስቅለት ዕለት፣ የሙሶሊኒ ጦር እዚህ ሲወርድ በመትረየስ ተዋግቶ የሞተ ወታደር ነው። ንጉሣቸው ዞግ ግን ከተወለደ ሁለት ቀን የሆነውን ልጁንና ሚስቱን ይዞ ወደ ግሪክ ሸሸ። ይህን ሳነብ ማይጨውንና ከዚያ በኋላ ስለ ስደት የተነሳውን የእኛን ክርክር ማሰቤ አልቀረም። ሐውልቱ ሥር የተቀመጡ አንድ አዛውንት በጣሊያንኛ ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «አቢሲኒያ!» ብለው ሳቁ። «ያ አጭሩ ንጉሥ እናንተንም እኛንም ስሙ ላይ ለጥፎን ነበር እኮ።»

እውነታቸውን ነው። የጣሊያኑ ንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ከ1936 ጀምሮ ራሱን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አሰኝቶ፣ በ1939 ደግሞ የአልባኒያ ንጉሥ የሚለውን ጨመረበት። ቦሎኛ ስኖር ይህን የሚያስታውስ ጣሊያናዊ አላጋጠመኝም። ዱሬስ በገባሁ በመጀመሪያው ሰዓት ነው አንድ አዛውንት ያነሱብኝ።

ወደ ቲራና የሚወስደው ሚኒባስ ፉርጎን ይባላል። ሲሞላ ይነሳል። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ የጎደለው «ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!» የሚል ረዳት ብቻ ነው። መንገዱ ግራና ቀኙ ነዳጅ ማደያና ላቫጆ ነው። ይህን ያህል ላቫጆ የትም አገር አላየሁም። መርሴዲሱም እንደዚያው። እስከ 1991 ድረስ የግል መኪና መያዝ የተከለከለ ነበር። ሹፌሩ ይህን ሲነግረኝ በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው ስልክ ያወራ ነበር፤ ሌሎቹም ሹፌሮች ብዙ አልተሻሉም። አንድ ትውልድ ሙሉ መኪና ሳይነዳ አድጎ በአንድ ጊዜ መሪ ቢሰጠው የሚሆነው ይኸው ነው።

ቡንከሮቹ መታየት የጀመሩት እዚህ መንገድ ላይ ነው። እርሻ መሀል፣ ግቢ ውስጥ፣ ድልድይ ሥር። የተደፋ የሸክላ ድስት የሚመስሉ የኮንክሪት ምሽጎች። ከ1970ዎቹ ጀምሮ እስከ ሆጃ ሞት ድረስ ከ170 ሺህ በላይ እንደተሠሩ ነው የሚነገረው። አገሪቱ ቆዳ ስፋቷ 28,748 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ በግምት የአማራ ክልል አንድ አምስተኛ። ጠላት ይመጣል ተብሎ ተጠበቀ። አልመጣም። አሁን አንዳንዶቹ ድርቆሽ ይቀመጥባቸዋል፤ ብዙዎቹን ለብረታቸው ሲሉ ሰብረዋቸዋል።

ቲራናን ሳያት ጎንደር ትዝ አለችኝ። ቀልድ አይደለም፤ ምክንያት አለው። ከስካንደርቤግ አደባባይ ወደ ደቡብ የሚወርደው ሰፊ ጎዳና የጣሊያን መሐንዲሶች ሥራ ነው። መጨረሻው ላይ፣ በእማሆይ ቴሬዛ ስም በተሰየመው አደባባይ የቆመው የፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ፣ ድሮ የፋሺስት ፓርቲ ቤት የነበረው፣ የጌራርዶ ቦሲዮ ንድፍ ነው። ይህ ሰውዬ ቲራና ከመምጣቱ በፊት ኢትዮጵያ ነበር። የጎንደርን የከተማ ፕላን የነደፈውም እሱ ነው። ያንን ጠርዙ የተቆረጠ የድንጋይ ፊት፣ ያንን ሰው ሁሉ ሰልፍ እንዲወጣበት የተሠራ ደረጃ ጎንደር ፒያሳ ላይ ያየ ሰው እዚህ ቢመጣ አይጠፋውም። ደረጃው ላይ ተማሪዎች ተቀምጠው ማኪያቶ ይጠጣሉ። ማኪያቶውም ያው ነው፤ እነሱም እንደኛ ከዚያው ወራሪ የተረፋቸው መልካም ነገር ይኸው ይመስለኛል።

ማክሰኞ፣ ቲራና

ከተማዋ መቼም ቀለም ነው። አሁን ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ኤዲ ራማ ሠዓሊ ነው። በ2000 ከንቲባ ሲሆን ግራጫዎቹን የኮሚኒስት ፎቆች ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ አስቀባቸው። አንዳንዱ ደስ ይላል፣ አንዳንዱ ዓይን ያማል። አሁን ደግሞ በመካከላቸው ረጃጅም የመስታወት ማማዎች እየበቀሉ ነው። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የጠየቅኳቸው ሁሉ ትከሻቸውን ነቀነቁ።

ጠዋት ብሎኩ ሰፈር ሄድኩ። የፓርቲው ባለሥልጣናት ብቻ የሚኖሩበት፣ ተራ ሰው ድርሽ የማይልበት፣ በዘብ የተከበበ ሰፈር ነበር። ዛሬ የከተማዋ ቦሌ ነው ብል አላጋነንኩም። ካፌ፣ ባር፣ ፀጉር ቤት። የሆጃ ቪላ እዚያው መሀሉ ላይ አለ። ባለ ሁለት ፎቅ፣ ሰፋ ያለ፣ ግን ቤተ መንግሥት የማይባል ቤት ነው። ቦሌ ውስጥ ከሱ የሚበልጡ የነጋዴ ቤቶች አሉ። ሕዝቡ መኪና በሌለውና የወተት ወረፋ በሚይዝበት ዘመን ግን ይህም ብዙ ነው። ከቤቱ ማዶ የተደረደሩት ልጆች ይህ ሁሉ ግድም አይሰጣቸው፤ ሲጋራቸውን እያጨሱ ስልካቸውን ያያሉ።

ከዚያ «የቅጠሎቹ ቤት» ሄድኩ። ስሙ ግድግዳውን ከሸፈነው ሐረግ የመጣ ነው። በ1931 የተሠራ የማዋለጃ ክሊኒክ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ጌስታፖ ገባበት። ከዚያ ሲጉሪሚ፣ የሆጃ የስለላ ድርጅት፣ እስከ 1991 ድረስ ስልክ የሚጠልፍበት፣ ደብዳቤ የሚከፍትበት፣ ሰው የሚያዳምጥበት ቤት ሆነ። በ2017 ሙዚየም ሆነ። ቴፕ መቅጃው፣ ማዳመጫው፣ ዕቃ ውስጥ የሚደበቁት ትንንሽ ማይክሮፎኖች ተደርድረዋል። አንዱ ክፍል ውስጥ የዘመኑ ተራ ሳሎን ተሠርቷል፤ ሶፋ፣ ቴሌቪዥን፣ ዳንቴል። እንደማንኛውም ቤት። ማይክሮፎኑ የቱ ጋ እንዳለ ፈልጉ ነው ነገሩ።

እኛም መስቀል አደባባይ ጥግ ላይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም አለን። እዚያ ስገባ የራስ ቅሉ፣ ፎቶው፣ የተጠቀሙበት ገመድ አንጀቴን ይቆርጠዋል። የእኛ ስለ ሞቱት ነው። የአልባኒያው ሙዚየም ግን በአብዛኛው ስለ ኖሩት ነው። በሹክሹክታ ስለኖሩት፣ በጎረቤታቸው ስለተሸጡት። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ መናገር አልችልም፤ ቢሆንም ከዚህኛው ስወጣ ከማንም ጋር ማውራት አላማረኝም።

ከሰዓት ፒራሚዱ ላይ ወጣሁ። የሆጃ ሴት ልጅና አማቹ ከነደፉት አርክቴክቶች መካከል ናቸው፤ በ1988 የሆጃ ሙዚየም ተብሎ ተከፈተ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ የሚያከብረው ሥርዓት ፈረሰ። ከዚያ የስብሰባ አዳራሽ ሆነ፣ ቴሌቪዥን ጣቢያ ገባበት፣ ተበላሸ፣ ልጆች በተዳፋቱ ላይ የሚንሸራተቱበት ሆነ። ይፍረስ አይፍረስ ሲባል ቆየና በ2023 ታድሶ ተከፈተ። አሁን ጎኑ ሁሉ ደረጃ ነው፤ ማንም ተነስቶ ጫፉ ድረስ ይወጣል። ውስጡ ልጆች ኮምፒውተርና ሥዕል በነፃ ይማራሉ። ፈርሶ ቢሆን ኖሮ ይቆጨኝ ነበር።

ሐውልቱ ግን የለም። የሆጃን ትልቁን ሐውልት ሕዝቡ ስካንደርቤግ አደባባይ ላይ የገረሰሰው የካቲት 20 ቀን 1991 ነው። ሦስት ወር ቆይቶ አዲስ አበባ ላይ የሌኒን ሐውልት ወደቀ። ጋሼ ያኔ ሁለቱንም በሬዲዮ ነው የሰማው።

ረቡዕ፣ ቲራና

ሲዘንብ ዋለ። ጾምም ነው። አስተናጋጇን ሥጋም ወተትም የሌለበት ነገር ስላት ግራ ተጋባች፤ ቪጋን ነህ ወይ አለችኝ። ነኝ አልኩ፣ ለዛሬ። ፋሱሌ አመጣችልኝ፤ በቲማቲምና በሽንኩርት የተሠራ ነጭ ቦሎቄ ነው። ከዳቦ ጋር ይዋጣል፤ ትንሽ በርበሬ ቢኖረው ደግሞ ማለፊያ ነበር።

የጾም ነገር ሲነሳ ስለ ሃይማኖት መጠየቄ አልቀረም። ሆጃ በ1967 ሃይማኖትን በሙሉ ከለከለ። መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የሱፊዎቹ ተኪያ ተዘጋ፣ ፈረሰ፣ መጋዘን ሆነ፤ የሽኮደር ካቴድራል የስፖርት አዳራሽ ተደረገ። በ1976 ደግሞ መንግሥት ሃይማኖት አያውቅም የሚለው ሕገ መንግሥት ውስጥ ገባ። ሕፃን አጥምቀዋል ተብለው በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተረሸኑ ካህን አሉ። ደርግ አቡነ ቴዎፍሎስን አስሮ ገድሏል፣ የቤተ ክርስቲያን መሬት ወስዷል፣ መጅሊሱንም ጴንጤውንም አሰቃይቷል። ግን ጥምቀት አልቀረም፣ ረመዳን አልቀረም። እዚህ ግን ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በይፋ ምንም አልነበረም።

አደባባዩ ጥግ ላይ ያለው የኤትሄም ቤይ መስጊድ ትንሽ ነው፤ ውስጡ የአበባና የወንዝ ሥዕል አለው። በጥር 1991 በሺህ የሚቆጠር ሰው ፈቃድ ሳይጠብቅ ገብቶ ሰገደበት። ከሱ ብዙ ሳይርቅ በ2012 የተከፈተው የኦርቶዶክስ ካቴድራል አለ። የአገሪቱን ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከዜሮ መልሰው ያቋቋሙት ሊቀ ጳጳስ አናስታሲዮስ ግሪካዊ ናቸው፤ በ2025 ነው ያረፉት። አልባኒያ ከመምጣታቸው በፊት ዐሥር ዓመት ገደማ የምሥራቅ አፍሪካን ሀገረ ስብከት ከናይሮቢ ሆነው ይመሩ ነበር። ሲመጡ በሕይወት ያገኟቸው ካህናት በጣት የሚቆጠሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። ጧፍ አብርቼ ወጣሁ።

የሚገርመው አሁን ያለው ልቅነት ነው። እኔ ያረፍኩበት ቤት ልጅ አባቱ ሙስሊም፣ እናቱ ኦርቶዶክስ፣ ራሱ «ምንም» ነው። ፋሲካንም ባይራምንም ይበላል። ስለ ጾም ላስረዳው ብሞክር በዓመት ስንት ቀን እንደሆነ ሲሰማ የማሾፍ መሰለው።

ሐሙስ፣ ቤራት

አውቶቡሱ በሉሽኛ ሜዳ በኩል ያልፋል። አረንጓዴ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ብዙም የሚታይ የለውም። ነገር ግን «መጥፎ ባዮግራፊ» ያላቸው ቤተሰቦች በግዞት የሚኖሩት በዚህ አካባቢ ካምፖች ውስጥ ነበር። ባዮግራፊ ማለት የዘር መዝገብ ነው። አጎትህ ነጋዴ ከነበረ፣ የአክስትህ ልጅ ድንበር ካቋረጠ፣ አንተ ምንም ባታደርግ ባዮግራፊህ ተበላሸ። ዩኒቨርሲቲ አትገባም። ጥሩ ባዮግራፊ ያለው ሰው አያገባህም። አንዳንዶች እዚያው ግዞት ላይ ተወልደው፣ አድገው፣ ወልደዋል።

ቤራት ቆንጆ ናት። ከኦሱም ወንዝ ወዲህና ወዲያ ነጭ ቤቶች ተራራውን ተደጋግፈው ወጥተዋል፤ ሁሉም መስኮት ብቻ ነው። ያዳናት ራሱ መንግሥቱ መሆኑ ይገርማል፤ በ1961 «የሙዚየም ከተማ» ብለው ስለሰየሟት አላፈረሷትም። በ2008 ደግሞ ዩኔስኮ መዘገባት። ምሽጉ ውስጥ እስከ ዛሬ ሰው ይኖራል፤ ልብስ ያጥባሉ፣ ዶሮ ያረባሉ። እዚያው ያለው የኦኑፍሪ ሙዚየም ውስጥ የዐሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ሥዕለ አድኅኖ አሉ። የሠዓሊው የኦኑፍሪ ቀይ ቀለም ዝነኛ ነው። የቤራት ካህናት ለብዙ ዘመን ሲደብቁት የኖሩት በሐምራዊ ብራና ላይ በብር ቀለም የተጻፈ የስድስተኛው ክፍለ ዘመን ወንጌል ግን አሁን ቲራና ቤተ መዛግብት ነው። ምነው እዚሁ በሆነ አልኩ። የአባ ገሪማ ወንጌል እዚያው አድዋ አጠገብ ገዳሙ ውስጥ መኖሩ ለካ ቀላል ነገር አይደለም።

ከከተማው ማዶ ሽፒራግ የሚባል ተራራ አለ። በ1968 ወጣቶችን አሰልፈው ጎኑ ላይ በትላልቅ ድንጋዮች «ኤንቨር» ብለው ጻፉበት፤ ከሩቅ ይነበባል። ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ጽሑፉ ሣር በላው። በ2012 አርማንዶ ሉላይ የሚባል አርቲስት ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሆኖ መልሶ ጠረገው፤ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ቦታ አቀያየራቸው። አሁን በእንግሊዝኛ «ኔቨር»፣ «በፍጹም!» ይላል። ካየሁት ሐውልት ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው።

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ሰባዎቹን የጨረሱ ሴት ናቸው። ጣሊያንኛቸው ከኔ ይሻላል። የት እንደተማሩ ጠየቅኳቸው። «ቴሌቪዥን» አሉ። ጣሪያ ላይ አንቴና እየጠመዘዙ፣ መጋረጃ ዘግተው፣ ድምፁን ቀንሰው የጣሊያን ጣቢያ ያዩ ነበር። የሳን ሬሞን የዘፈን ውድድር በየዓመቱ ይከታተሉ ነበር። ጎረቤት ከሰማ ያስከስሳል። ራኪ የሚሉትን አረቄና በስኳር የተቀቀለ የለውዝ ፍሬ አቀረቡልኝ፤ አልፈልግም ማለት አይቻልም። ብላ፣ ጠጣ፣ አሁንም ብላ። ቤት የሄድኩ መሰለኝ።

ወተት ለማግኘት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ወረፋ ይያዝ እንደነበር ነገሩኝ። ሰው ሁሉ ቆሞ ማደር ስለማይችል ድንጋይ ወይም ዘንቢል ያስቀምጣል። ድንጋይህ አንተን ተክቶ ይሰለፋል። «ድንጋዬን ያነሳ ሰው አልነበረም» አሉኝ። «ድሆች ነበርን፤ ግን ተራ እናከብር ነበር። አሁን ባንክ ሄደህ ሞክር።» የዚያ ዘመን ናፍቆት ይሆን ብዬ ጠየቅኳቸው። ራሳቸውን ወዝወዝ አደረጉ፤ እዚህ አገር፣ በተለይ ትልልቆቹ ዘንድ፣ ያ «አዎ» ማለት ነው። ከዚያ ግን በቃላቸው «ኖ» አሉ፤ ሳቁም። የወንድማቸው ባዮግራፊ ተበላሽቶ መሐንዲስ መሆን ሲያምረው ማዕድን ቆፋሪ ሆኖ ነው የሞተው።

ዓርብ፣ ጂሮካስተር

መንገዱ ረጅም ነው፣ ሹፌሩ ደግሞ ወሬኛ። የ1997ን ነገር ያወራኝ እሱ ነው። ከኮሚኒዝም በኋላ ገንዘብ አስቀምጡ፣ በየወሩ ከፍተኛ ወለድ እንከፍላለን የሚሉ ድርጅቶች መጡ። ቤቱን ሸጦ ያስገባ አለ፣ በጉን ሸጦ ያስገባ አለ። የሕዝቡ ብዙ ክፍል ገባበት። በ1997 መጀመሪያ ሁሉም ተንኮታኮተ። ሕዝቡ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሰብሮ ገባ፤ ሁለት ሺህ ገደማ ሰው ሞተ፤ ጣሊያን የምትመራው ዓለም አቀፍ ጦር መጣ። ሹፌሩ የአባቱን ቤት ያጣው ያኔ ነው። «ባንክ ምን እንደሆነ የነገረን ሰው አልነበረም» አለ። «ሃምሳ ዓመት መንግሥትን እመን ተባልን። ከዚያ ወረቀት ላይ የታተመ ነገር ሁሉ እውነት መሰለን።» እኛ አገር በቅርብ ዓመታት ስንቱ በስልክ መተግበሪያ «ኢንቨስትመንት» ተበላ? ነገርኩት። ደስ አለው፤ ብቻውን አለመሆኑ ነው መሰለኝ።

ጂሮካስተር የድንጋይ ከተማ ናት። ጣሪያዋም ድንጋይ፣ መንገዷም ድንጋይ፣ ዳገቷም ዳገት። ከዚህች ትንሽ ከተማ ሁለት ሰዎች ወጥተዋል። በ1908 ኤንቨር ሆጃ፣ በ1936 ደራሲው ኢስማኢል ካዳሬ። ቤቶቻቸው ብዙም አይራራቁም። አንዱ አገሪቱን ዘጋት፣ ሌላው ከውስጧ ሆኖ ለዓለም ጻፈላት፤ በ1990 ፈረንሳይ ጥገኝነት ጠየቀ፣ በ2024 ቲራና ውስጥ አረፈ። የካዳሬ ቤት ያለበት ጎዳና «የእብዶች ጎዳና» ይባላል። የሆጃ የትውልድ ቤት ተቃጥሎ በቦታው የድሮውን የመሰለ ሌላ ቤት ታነጸ፤ አሁን የባህል ሙዚየም ነው። ምንጣፍ፣ ምድጃ፣ የሙሽራ ክፍል። ማን እዚህ እንደተወለደ በቀላሉ አይታወቅም። ትኬት ቆራጯ ካልጠየቅኳት አትነግረኝም ነበር።

ደጃፉ ላይ ቆሜ ለጋሼ በዋትስአፕ ደወልኩ። ቪዲዮውን አዙሬ ቤቱን አሳየሁት። ዝም ብሎ አየው።

«ቤቱ ይኼ ነው?»

«ቦታው ነው ጋሼ። ቤቱ ተቃጥሏል።»

«ሰዉ ምን ይላል?»

የወተቱን ወረፋ ነገርኩት። ባዮግራፊውን ነገርኩት። ትንሽ ቆየና፣ «እኛ እኮ ስለ አልባኒያ ያነበብነው አልባኒያ ራሷ ያተመችውን ነው» አለኝ። «ሌላ መጽሐፍ ከየት እናምጣ?» ከዚያ ወዲያው ስለ ጉልበቱ ሕመምና ስለ መድኃኒት ዋጋ ማውራት ጀመረ። ልወቅሰው አልደወልኩም። ያኔ ከነበሩት ጓደኞቹ ስንቶቹ ለዚያች መስመር ብለው እንደተላለቁ እሱ ያውቃል። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ያን ያህል የሚያነብ፣ ያን ያህል የሚከራከር ትውልድ፣ እስቲ አንድ ከዚያ የመጣ ሰው እናናግር ሳይል እንዴት ቀረ? ደግሞስ ማን ይወጣ ነበር? ድንበር መሻገር አገር እንደመክዳት ተቆጥሮ ያስቀጣ ነበር።

ምሽጉ ላይ በ1957 አልባኒያ ያረፈ የአሜሪካ ጦር አውሮፕላን ተቀምጧል፤ ሰላይ ያዝን እያሉ ሲያሳዩት ኖረዋል። ቀፎው ብቻ ቀርቷል። ልጆች ከነሱ ጋር ፎቶ እንድነሳ ጠየቁኝ፤ ከአውሮፕላኑ ይልቅ እኔ ብርቅ ሆንኩ።

ቅዳሜ፣ ሳራንዳ

ሳራንዳ አልወደድኳትም። ያላለቀ ሆቴል ባለቀ ሆቴል ላይ ተደርቧል። ባሕሩ ግን ባሕር ነው፤ ማዶ የግሪኳ ኮርፉ ደሴት ትታያለች። ወደ ክሳሚልና ቡትሪንት ሲኬድ ደግሞ የባሕሩ ወሽመጥ እየጠበበ ሦስት ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላበት ቦታ አለ። በዚያ ዘመን ሌሊት በዋና ሊሻገሩ የሞከሩ ነበሩ፤ የደረሱ አሉ፣ የተተኮሰባቸው አሉ፣ የሰመጡ አሉ። ቡትሪንት ላይ ግሪኩ፣ ሮማዊው፣ ቬኔሲያዊው አንዱ በሌላው ላይ የሠራበት ፍርስራሽ ዛፍ ውስጥ ነው። ጠዋት ማልደው ቢሄዱ ይሻላል።

የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ልጅ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ጀርመንኛ እየተማረ ነው፤ ነርስ ሆኖ ሊሄድ። ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ተማሪዎች የቀሩት ጥቂት ናቸው። በ2023 የሕዝብ ቆጠራ አገሪቱ ውስጥ የተገኘው ሰው 2.4 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ በ1989 ከ3 ሚሊዮን በላይ ነበር። ስለ ቦሎኛ ጠየቀኝ። የቤት ኪራይ ስንት ነው፣ ሐበሻ ብዙ ነው ወይ፣ ሰው በቆዳህ ይነካካሃል ወይ? የማውቀውን ነገርኩት። እሱ ደግሞ እናቱን ለማን እንደሚተው ነገረኝ። ሁለታችንም ለዚያ መልስ የለንም፤ ቡና ጋበዘኝ።

ለመሄድ ላሰበ ሰው ጥቂት ነገር ልበል። ጥሬ ገንዘብ ያዙ፤ ከቲራና ውጭ ካርድ የማይቀበል ብዙ ነው። ገንዘባቸው ሌክ ይባላል። በ1965 አንድ ዜሮ ተቀንሶለታል፤ ሰዉ ግን ዛሬም በአሮጌው ስለሚጠራ አንድ ሺህ ሲሏችሁ መቶ ሊሆን ይችላል። መቶ ሌክ አንድ ዩሮ ገደማ ነው፤ ቡና በዚያ አካባቢ ነው። ነሐሴ ላይ ባሕር ዳርቻው አይቻልም። ለጂሮካስተር የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋል፤ ድንጋዩ ተልጎ መስታወት ሆኗል። ጾመኛ ከሆናችሁ ፋሱሌ በሉ፣ ቡሬክ የሚሉትን የሊጥ መክሰስ ስትገዙ አይብ እንደሌለበት ጠይቁ። ከሳራንዳ ኮርፉ ፈጣኑ ጀልባ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይፈጃል፤ ባሕሩ ሲናወጥ ግን ይሰረዛል። ሰሜኑን፣ ሽኮደርንና የቴትን ተራሮች፣ አላየሁም። እሱ በሰኔ ቢሆን ነው የሚያምረው፤ በብርዱ ወራት መንገዱን በረዶ ያስቸግረዋል።